«ቁልፉ ገባ፤ አልዞረም»

ጋሼ፣ በሐዋሳ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእኛ ቤት በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የተከራየው ወጣት ደግ ጎረቤት ነው፤ ጋዝ ባለቀብኝ ቀን የራሱን ሲሊንደር ነቅሎ ያወረደልኝ ሰው ነው። ከጥር ወዲህ ግን እሱ ወንድሙ ጋር ገብቶ ቤቱን ለማያውቃቸው ሰዎች በቀን ማከራየት ጀመረ። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አሉ፤ በመሐል ቀንም ሌሎች አሉ፤ ዛሬ ያየሁትን ፊት ነገ አላየውም። ቁልፉን ለእንግዶቹ የሚሰጠው ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው የእኛን በር በቁልፍ ሲታገል ሰማሁ። ቁልፉ ገባ፤ አልዞረም። «ማን ነው?» ብዬ ስጮህ «ይቅርታ፣ ፎቅ ተሳስቼ ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የላይኛው ቤት ባለቤት አዲስ አበባ ናቸው ይባላል፤ አይቻቸው አላውቅም። ለሕንፃው ኮሚቴ ብናገር «አንቺም ተከራይ፣ እሱም ተከራይ፤ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» አሉኝ። ልጣላው አልፈልግም፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም። ቤት ልቀይር ይሆን?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣

ከእንቅልፍሽ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ቁልፍ መግባቱና በር መከፈቱ ለየቅል ናቸው። በእንደዚህ ዓይነት ሕንፃዎች በሮች የሚገጠሙት በጅምላ ስለሆነ የቁልፎቹ ቅርጽ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የአንዱ ቤት ቁልፍ በሌላው በር ሰተት ብሎ ይገባል፤ የሚለያያቸው ጥርሳቸው ነው፤ ጥርሱ ካልገጠመ አይዞርም። ስለዚህ «ቁልፌ እጁ ላይ አለ» ብለሽ የተጨነቅሽ ከሆነ፣ የሰማሽው ነገር ያንን አያሳይም። የሚያሳየው እንቅልፍ የተጫነው አንድ መንገደኛ አንድ ፎቅ ቀድሞ መቆሙን ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ከአንቺ በፊት በዚያ ቤት ስንት ሰው ኖረ? የእነሱ ቁልፍ የት ነው ያለው? ስትገቢ የተሰጠሽ ሁለት ቁልፍ ከሆነ፣ ሦስተኛው ማን ኪስ ውስጥ ነው? የቁልፍ ቅጂ ቀራጭ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ሻይ ሳትጨርሺ የሚወጣ ነገር ነው። የላይኛው ቤት እንግዳ የነካው ቁስል ድሮም የነበረ ነው፤ ገና ዕቃሽን ስታስገቢ የበሩ ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል፣ መቀየር ነበረበት። አሁን ይቀየር። ሙሉውን የበር መቆለፊያ መግዛት አያስፈልግም፤ ሲሊንደሩ በአንድ ረጅም ብሎን የተያዘ ነው። ፈትተሽ አሮጌውን ይዘሽ ወደ ሱቅ ሂጂ፤ ከብሎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለው ርዝመት ልክ እንደ አሮጌው ይሁን። ከበሩ ፊት ወጣ ብሎ የሚቀር ሲሊንደር በጉጠት ተይዞ የሚሰበር ስለሆነ ረዘም ያለውን «ይሠራልሻል» ቢሉሽ እንዳትወስጂ። ማሸጊያው ያልተከፈተ እቃ ምረጪ፤ ቁልፎቹን ራስሽ ቁጠሪ። ገጣሚው ሲጨርስ በሩን ራሱ ከፍቶ ዘግቶ እንዲያሳይሽ አድርጊ፤ ቁልፎቹ ግን በሙሉ አንቺ እጅ ተመልሰው ይግቡ።

አከራይሽን ሳታስፈቅጂ እንዳታደርጊው። አጭር መልእክት ጻፊላቸው፤ «ለደኅንነታችን ሲባል የበሩን ሲሊንደር በራሴ ወጪ ልቀይር ነው፣ አሮጌውን አስቀምጬ ስለቅቅ እመልሰዋለሁ» በያቸው። እምቢ የሚል አከራይ እምብዛም አይኖርም፤ ወጪው የእሳቸው አይደለማ። መልሳቸውን ስልክሽ ላይ አቆይው።

ከሲሊንደሩ በላይ ግን እንቅልፍ የሚሰጥሽ መቀርቀሪያ ነው። ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ፣ ከውጭ ቀዳዳ የሌለው፣ ወፈር ያለ የብረት መቀርቀሪያ። የዓለም ቁልፍ ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን አይከፍተውም። በርሽ ላሜራ ከሆነ ብየዳ ቤት ያለ ማንኛውም ልጅ በአንድ ጠዋት ይሠራዋል፤ እግረ መንገዱንም በዓይንሽ ቁመት ትክክል ቀዳዳ ከፍቶ ማያ መነጽር ይግጠምልሽ። ለእህትሽ ቁመት የማይሆን ከሆነ ለእሷም ሌላ ይቀዳላት፤ የበሩ ውበት ይቅርብሽ። አንድ ነገር ብቻ እንዳታደርጊ፦ ከውስጥ በጓጉንቸር ቁልፍ ቆልፈሽ ቁልፉን ትራስ ሥር አታስቀምጪ። እሳት ቢነሣ በጨለማና በጭስ መሐል ትራስ የሚፈትሽ ሰው አይወጣም።

ወደ መተላለፊያው የሚያይ የኩሽና ወይም የመታጠቢያ መስኮት ካለሽም ተመልከቺው። ሰው ሁሉ ስለ በሩ ያስባል፤ ሌባ በመስኮቱ በኩል እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን ሊያገኘው የሚችል መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። ፍርግርግ ከሌለው ይሠራለት፤ ካለው ደግሞ ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ ያለውን ርቀት በክንድሽ ለኪው።

ሁለተኛው ምክሬ ሊያስቅሽ ይችላል። በርሽ ላይ ቁጥር አለ? በደረጃው መድረሻ ላይ «3ኛ ፎቅ» የሚል ጽሑፍ አለ? የለም ብዬ እወራረዳለሁ፤ ቢኖርም ጠፍቷል። አሁን ያንን ሰውዬ አስቢው። በስልክ «አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» ተባለ። ምድሩን አንደኛ ብሎ የሚቆጥር ሰው አራት ሲል የሚቆመው እናንተ ሦስተኛ የምትሉት ላይ ነው። የደረጃው አምፑል ተቃጥሏል፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው። እኔም ብሆን በርሽን እታገል ነበር። በስህተት የሚንኳኳ በር ሁሉ ሌባ የሚያንኳኳው ይመስለናል፤ ችግሩ ደግሞ ይህንን ስህተት ከለመድሽው እውነተኛውን ሌባ «ተሳስቶ ነው» ብለሽ ትተኚለታለሽ። ስህተቱን ከመንገድ ላይ ስታነሺው የቀረው ነገር ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል። የፎቁ ቁጥር ተጽፎ፣ የበሩ ቁጥር ተጽፎ፣ አምፑል በርቶ ሳለ በርሽን በቁልፍ የሚታገል ሰው ቢመጣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ ተመድቤ ሐዋሳ ስመጣ የተከራየሁት ሰባት ክፍሎች ያሉበት ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ባለቤት እናት በር ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ይውላሉ፤ ቡና ይለቅማሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ሲሰለቻቸው ያንጎላጃሉ። ነገር ግን እግር ሲሰሙ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «የማን እንግዳ ነህ?» «የሦስተኛው ቤት» ካለ ሦስተኛውን ቤት ይጣራሉ፤ እኔ ወጥቼ «የእኔ ነው» እስክል ድረስ ሰውየው ከበሩ አያልፍም። አንድ ጊዜ አጎቴን ከነሻንጣው ሩብ ሰዓት አቁመውታል፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። በዚያ ግቢ በአራት ዓመት ውስጥ የጠፋው ከልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ እሱንም የወሰደው እዚያው የሚኖር ተከራይ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የምነግርሽ የድሮ ዘመን ናፍቆኝ አይደለም። ሰባት ቤት በአንድ ሽንት ቤት የሚኖርበትን ዘመን ማን ይናፍቃል! የምልሽ ለእነዚያ እናት እንግዳ ጠላት አልነበረም። ሐዋሳ መቼም ያለ እንግዳ የማትኖር ከተማ ናት። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ለገብርኤል የሚመጣው ሕዝብ ሆቴሉን ሁሉ ሞልቶ ይተርፋል፤ ለፊቼ ጨምበላላ ወደ ጉዱማሌ የሚጎርፈው አለ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ሐይቁን ሊያይ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የሚመጣው አለ። ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ባለበት ቤቱን በቀን የሚያከራይ መገኘቱ አይገርምም። የአንቺ ሕንፃ ያጣው ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሆቴል ስትገቢ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ስም ይመዘገባል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው አለ። ጎረቤትሽ የሆቴሉን ገቢ ወስዶ መዝገቡንና ዘበኛውን ለአንቺ ጥሎልሻል። «ማን ነው?» ብለሽ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የጮኽሽው የእንግዳ ተቀባዩን ሥራ ስትሠሪ ነው፤ ያለ ደመወዝ።

ስለዚህ ከእሱ የምትጠይቂው እንግዳ እንዳያመጣ ሳይሆን ለሚያመጣው እንግዳ ኃላፊ እንዲሆን ነው። ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ከጠየቅሽ እንጀራውን የምትነጥቂው ይመስለዋል፤ ይጣላሻል። ሁለተኛውን መቃወም ግን ከባድ ነው።

በስልክ እንዳታደርጊው፤ በጽሑፍ መልእክት ደግሞ በፍጹም። ቡና አፍይና ጥሪው፤ ጋዙን ያወረደልሽ ሰው ቡና ይገባዋል። ከሦስቱ ስኒ በፊት ወሬውን አታንሺ። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ሥራህን ላበላሽብህ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት እንግዳህ የእኛን በር በቁልፍ ሲሞክር ነበር። እህቴ ደንግጣ ሳትተኛ አደረች። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቻይው። መፍትሔውን እሱ ራሱ ካመጣው ያከብረዋል፤ አንቺ ከዘረዘርሽለት ግን ከበሩ እንደወጣ ይረሳዋል።

እሱ የማያነሣውን ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ዋናው የቁልፉ ነገር ነው፦ ቁልፍ ሱቅ ላይ መቀመጡ ይቅር። ሱቁ ላይ ሰው ሲበዛ «የአራተኛ ፎቁን ቁልፍ ስጠኝ» ያለ ሁሉ ይሰጠዋል። እሱ ወይም ወንድሙ እንግዳውን በአካል ይቀበል፤ በሩን ራሱ ይክፈትለት፤ ሲሄድም ቁልፉን ራሱ ይቀበለው። ቁልፍ የሚቀረጽ ነገር መሆኑን ካስታወሰ የራሱን ሲሊንደርም አልፎ አልፎ መቀየር ይኖርበታል፤ ያ ወጪ የንግዱ ወጪ ነው። የእንግዳውን መታወቂያ ይይ፤ ፋይዳም ሆነ ሌላ። ስሙን፣ ስንት ሰው እንደሆኑና መቼ እንደሚወጡ ለሕንፃው ጥበቃ ያስመዝግብ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚደርስ እንግዳ ካለ ራሱ ይዞት ይምጣ። ሌሊት ስትደውይለት የሚያነሣ ስልክ ይኑረው፤ የማያነሣ ከሆነ አንቺ ለኮሚቴው የመናገር መብት እንዳለሽ ተስማሙ።

የራሱን ጥቅም አሳዪው። ከቤቱ ባለቤት ጋር የኪራይ ውሉ የተፈረመው በማን ስም ነው? በእሱ። እዚያ ቤት ውስጥ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ዕቃ ቢጠፋ፣ ከዚህ የከፋ ነገር ቢደርስ የሚጠየቀው አንድ ሌሊት አድሮ የሄደው ሰው ሳይሆን እሱ ነው። መዝገቡ አንቺን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ይህንን እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ እህት ንገሪው፤ ምናልባትም ማንም ነግሮት አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው በጆሮ ጠገብ ይናገራልና። «ተከራይ መልሶ ማከራየት ክልክል ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ከሐዋሳ ከተማ ጋር እኩያ ነው፤ እሷም በዚያው ዓመት ነው የተቆረቆረችው) በመርህ ደረጃ ተከራይ አከራዩን እስካልጎዳ ድረስ መልሶ እንዲያከራይ ይፈቅድለታል። ውሉ ላይ ግን የአከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ብዙ የኪራይ ውል ላይም ይጻፋል። ስለዚህ የጎረቤትሽን ውል ሳታይ «ሕገ ወጥ ነህ» አትበዪው። በሌላ በኩል በቀን ሒሳብ እየተቀበሉ የማያውቁትን ሰው ማሳደር መኖሪያ ቤት ማከራየት ነው ለማለት ይከብዳል፤ የመኝታ ንግድ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት ውል ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብም ያዝዛል። ሁለት ዓመት የት፣ ሁለት ሌሊት የት። አዋጁ በከተማችሁ በምን መልክ እየተሠራበት እንደሆነ ክፍለ ከተማ ሄደሽ ጠይቂ፤ የራስሽ ውል ስለመመዝገቡም በዚያው ታረጋግጫለሽ።

አሁን ኮሚቴው ወዳለሽ ነገር። «አንቺም ተከራይ፣ እሱም ተከራይ» የሚለው መልስ ከወንበር ላለመነሣት የተፈጠረ መልስ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ መተላለፊያውን፣ ግቢውን የጋራ ንብረት አድርጎ አስተዳደሩን ለባለቤቶች ማኅበር ነው የሰጠው። ማታ ማታ ማን በደረጃው እንደሚወጣ መጠየቅ የማኅበሩ ሥራ እንጂ የሁለት ተከራዮች ጠብ አይደለም። እርግጥ የማኅበሩ አባላት ባለቤቶች ናቸው፤ አንቺ በስብሰባ ላይ ድምፅ ላይኖርሽ ይችላል። አከራይሽ ግን አላቸው። ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ሁለት መስመር ደብዳቤ ለኮሚቴው እንዲጽፉ ወይም በስብሰባው አንቺን እንዲወክሉ ጠይቂያቸው። የኮሚቴው ሰዎች ለተከራይ የማይነሡትን ለባለቤት ይነሣሉ፤ ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው። የላይኛውን ቤት ባለቤትም የሚያገኟቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስልካቸው ማኅበሩ ዘንድ ሳይኖር አይቀርም።

ስብሰባ ከተገኘ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ በበሩ ላይ የእንግዳ መዝገብ። ስም፣ ሰዓት፣ የሚሄድበት ቤት ቁጥር፣ የተቀባዩ ስልክ። ለሁሉም ቤት፣ ለአንቺም እንግዳ ጭምር። አንድን ሰው ለይቶ የሚመታ ደንብ ጠብ ያመጣል፤ ሁሉንም የሚነካ ደንብ ልማድ ይሆናል።

አስጠንቅቄሽ ልለፍ፤ ስብሰባው ላይ አንዱ ተነሥቶ «እዚያ ቤት ማን ከማን ጋር እንደሚገባ እናውቃለን» ማለቱ አይቀርም። ሌላው ደግሞ ስለ እንግዶቹ ትውልድ አገር ወይም ቋንቋ ይጨምርበታል። እዚያ ውስጥ እንዳትገቢ። ወሬው ወደዚያ ከሄደ የቁልፉ ጉዳይ ይረሳል፤ ጎረቤትሽ ይዋረዳል፤ አንቺም «ስም አጥፊዋ» ተብለሽ ትቀሪያለሽ። ማን ከማን ጋር እንደተኛ የአንቺ ጉዳይ አይደለም። በማን ቁልፍ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር የሚለው ነው የአንቺ ጉዳይ።

ጥበቃውስ? ለእሱ የሚከፈለው ሕንፃው ሁሉ አዋጥቶ ነው፤ የቀን እንግዳ ግን ሲገባም ሲወጣም ሻይ መጠጫ ይሰጠዋል። የማንን ፊት እንደሚያይ አንቺው ፍረጂ። ጉቦ ስጪው አልልሽም፤ ሰላምታሽን አታጓድዪ፣ በብርድ ሌሊት አንድ ፔርሙዝ ሻይ አውርጂለት፣ ስልክሽን ስጪው። ግን መቼ እንደምትወጪ፣ መቼ እንደምትመለሺ፣ እህትሽ ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት እሱም ቢሆን ማወቅ አያስፈልገውም። ባለሱቁም እንዲሁ። እግረ መንገዴን፣ አንቺም ቁልፍሽን እሱ ጋር የምታስቀምጪ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ሆኖም እንዲያው ጠረጠርኩ።

እህትሽን ጥቂት ነገር አስተምሪያት። በሩ ሲንኳኳ «ብቻዬን ነኝ» አይባልም፤ «ወንድሜ ተኝቷል፣ ምን ልበልልህ?» ይባላል፤ ወንድም ባይኖርም። መብራት በድንገት ቢጠፋ ወደ ቆጣሪው ከመውረዷ በፊት በመስኮት ብቅ ብላ የሌላውን ቤት መብራት ትይ። የሕንፃው ሁሉ ከጠፋ መብራት ኃይል ነው፤ የእናንተ ብቻ ከጠፋና ካርዱም ካላለቀ ሌሊት አትውረድ። ቆጣሪው ምድር ላይ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ ነው ያለው፤ ማንም ሰው ማጥፊያውን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህንን የምለው ላስፈራችሁ ሳይሆን የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን እንድትለዩ ነው።

ካሜራ ስለመግጠምም ልትጠይቂኝ ትችያለሽ፤ ሰሞኑን ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። የራስሽን በር ደፍ የሚያይ ትንሽ ካሜራ አይከፋም። ደረጃውንና የሌላውን ሰው በር የሚቀርጽ ከሆነ ግን ያለ ማኅበሩ ፈቃድ እንዳታደርጊው። ከቤት ኪራዩ አዋጅ ቀጥሎ የወጣው፣ ቁጥሩም ቀጥሎ የሚመጣው አዋጅ 1321/2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ነው፤ የሰው ምስልም የግል ዳታ ነው። የእንግዳን ፎቶ አንሥቶ በሕንፃው የቴሌግራም ቡድን ላይ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» ብሎ መለጠፍማ ዛሬ ፎቅ የተሳሳተውን ሰው ነገ በሌብነት ማስጠርጠር ነው።

ከካሜራው ይልቅ አንድ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር። «ሰኔ 4፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ በር በቁልፍ ተሞከረ፣ ተሳሳትኩ አለ» ይበቃል። ንዴትሽን እዚያ አታስፍሪ፤ ሐቁን ብቻ። ሁሉም ነገር ተሞክሮ ካልተቻለ ፍርድ ቤት የሚያይልሽ እሱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ይዞታው የታወከበት ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ቤቱን በኪራይ የያዘ ሰውም ይህንን መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን በሁለት ዓመት የተገደበ ነው። አንቀጽ 1225 ደግሞ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጩኸትና ረብሻን ይከለክላል። እዚያ ትደርሻለሽ ብዬ አላስብም። ነገር ግን «ተከራይ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ» እያልሽ ከሆነ፣ አፍ አለሽ። ኪራይ የምትከፍዪበት ቤት እስካለሽበት ድረስ ቤትሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለሚያስቸግር እንግዳ ነው። ለሚያሰጋ እንግዳ ሌላ ነው፤ በርሽን ለሁለተኛ ጊዜ የሚታገል፣ ደረጃ ላይ ቆሞ እህትሽን የሚጠብቅ፣ ወይም ከላይኛው ቤት የድረሱልኝ ጩኸት ቢሰማ ቡናም ስብሰባም የለም፤ በሩን ሳትከፍቺ ፖሊስ ትጠሪያለሽ። የቅርብሽን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ዛሬውኑ ሄደሽ ተቀበዪና በሁለታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት። በቁጣ ተነሥተሽ የእንግዳውን በር ሌሊት ማንኳኳት ግን በምንም ምክንያት እንዳታደርጊ። ጠጥቶ ይሁን፣ ስንት ሆነው ይሁን አታውቂም።

ቤት ልቀይር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አሁን አትቀይሪ። የምትሄጂበት ሕንፃ ላይም አራተኛ ፎቅ አለ። ለጎረቤትሽ ሁለት ሳምንት ስጪው፤ ካልተለወጠ ለባለቤቱ ልታሳውቂ መሆኑን አስቀድመሽ ለራሱ ንገሪው፤ ከጀርባው አትሂጂ። ባለቤቱም ማኅበሩም ጆሮ ካልሰጡና ሌሊቶችሽ እንደዚሁ ከቀጠሉ ያን ጊዜ ውልሽ የሚጠይቀውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጠብቀሽ ውጪ፤ እንቅልፍ የማይገኝበት ቤት በርካሽም ውድ ነው። ውሉን የምታድሺ ከሆነ ግን፣ ሁለት ዓመትሽ ሊሞላ ነው ብለሻልና፣ ቁልፍ የመቀየር ፈቃድና በማኅበሩ ስብሰባ የመወከል ነገር እዚያው ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ክፈዪ ቢሉሽ ደግሞ የቤት ኪራዩን አዋጅ አስታውሻቸው።

እስከዚያው ሐምሌ 19 እየመጣ ነው። ለገብርኤል ያ ቤት ባዶ እንደማያድር አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት ቁጥሮቹ ይጻፉ። ሩብ ሊትር ቀለም ለሁሉም ፎቅ ይበቃል፤ ነጭ ይሁን፣ በማታም ይታያል። ቀለሙን አንቺ ግዢ፤ ብሩሹንና መሰላሉን ግን ከላይኛው ጎረቤትሽ ተዋሺ፣ መሰላሉንም እሱ ይያዝልሽ።